ስለ ሳቫና ከተማ ታሪክና ዓመታዊ በዓላት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሳቫና በጆርጂያ ግዛት፣ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ 29 ኪሎ ሜትር ያህል ገባ ብላ፣ በስሟ በሚጠራው ወንዝ ዳር የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከአትላንታ የአራት ሰዓት ያህል መንገድ በመሆኗ በዚያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች በቅዳሜና እሁድ ሊጎበኟት ይችላሉ። አብዛኛው ጎብኚ ግን ዛፎቿንና አሮጌ ቤቶቿን አይቶ፣ በወንዙ ዳር ፎቶግራፍ ተነሥቶ ይመለሳል። ከተማዋ ታሪኳን በየዓመቱ በበዓልና በሰልፍ የምታስታውስ ስለሆነች የትኛውን ታሪኳን እንደሚሰሙ በአብዛኛው የሚወስነው የሚሄዱበት ቀን ነው። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች የተዘጋጁት ይህን ታሳቢ በማድረግ ሲሆን ወራቱና ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሳቫና መቼ፣ በማንና ለምን ተቆረቆረች?

የእንግሊዝ ምክር ቤት አባል የነበረው ጄምስ ኦግልቶርፕ ከመቶ በላይ ሰፋሪዎችን አስከትሎ በወንዙ ዳር ካለው ከፍታ ላይ የሰፈረው ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1733 ነው። በንጉሥ ጆርጅ ዳግማዊ ስም የተሰየመችው ጆርጂያ ከአሥራ ሦስቱ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች የመጨረሻዋ ነበረች። ኦግልቶርፕ ቀደም ሲል በለንደን በዕዳ የታሰሩ ሰዎችን አያያዝ የመረመረ ሰው በመሆኑ ድሆች መሬት አግኝተው ራሳቸውን የሚችሉበት አገር የማቋቋም ሐሳብ ነበረው። ከዚህ በጎ ሐሳብ ጎን ለጎን ግን ፍሎሪዳን ከያዙት ስፔናውያን ሳውዝ ካሮላይናን የሚከልል ወታደራዊ ወሰን የመፍጠር ስሌትም ነበር፤ የዚህ ስሌት ክብደትም ከበጎ አድራጎቱ አያንስም። ከተማዋን የመሠረቷት የዕዳ እስረኞች ናቸው የሚለው በሰፊው የሚነገር ወሬ ግን ከእውነቱ የራቀ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ተመርጠው የመጡ የእጅ ባለሙያዎች፣ ነጋዴዎችና ቤተሰቦቻቸው ነበሩ።

ያ ከፍታ ባለቤት አልባ አልነበረም። ያማክራው የሚባሉት ነባር ሕዝቦች በዚያው ይኖሩ ስለነበር ኦግልቶርፕ ከመሪያቸው ከቶሞቺቺ ጋር ተነጋግሮ ስምምነት ላይ ደርሷል። አስተርጓሚዋም በእናቷ የክሪክ ሕዝብ ተወላጅ፣ በአባቷ እንግሊዛዊት የሆነችው ነጋዴዋ ሜሪ ማስግሮቭ ነበረች። ቶሞቺቺ በ1734 ለንደን ድረስ ተጉዞ ንጉሡን ያነጋገረ ሲሆን በ1739 ሲሞት ዛሬ ራይት በሚባለው አደባባይ በክብር ተቀበረ። በ1883 በዚያው አደባባይ መሃል ለአንድ የባቡር ሐዲድ ኩባንያ ፕሬዚዳንት፣ ለዊልያም ጎርደን፣ ሐውልት ሲቆም የአለቃው መቃብር ሳይታወቅ ቀረ። በ1899 የጎርደን ምራት ያሉበት የሴቶች ማኅበር ከስቶን ማውንቴን አንድ ትልቅ የግራናይት ቋጥኝ አስመጥቶ በአደባባዩ ጥግ ለቶሞቺቺ መታሰቢያ አኖረ። ዓምዳሙን ሐውልት አይቶ የሚያልፍ ሰው ቋጥኙን ሳያይ ሊመለስ ስለሚችል ሆን ብሎ ወደ ጥጉ መሄድ ያስፈልጋል።

አደባባዮቿ ለምን በዙ?

ኦግልቶርፕ ከተማዋን የነደፋት በሰፈር ሰፈር ከፋፍሎ ነው። እያንዳንዱ ሰፈር መሃሉ ላይ ክፍት ቦታ አለው፤ በሰሜንና በደቡብ በኩል ለመኖሪያ ቤት የተመደቡ 40 ቦታዎች፣ በምሥራቅና በምዕራብ ደግሞ ለቤተ ክርስቲያንና ለሕዝብ አገልግሎት የተተዉ አራት ሰፋፊ ቦታዎች ይገኛሉ። ከተማዋ ሕዝቧ በጨመረ ቁጥር ይህንኑ ንድፍ እየደጋገመች እስከ 1850ዎቹ ድረስ 24 አደባባዮችን ያፈራች ሲሆን ዛሬ 22ቱ አሉ። እዚህ አደባባይ የምንለው ዙሪያውን መኪና ቢዞረውም ውስጡ አግዳሚ ወንበር የተደረደረበት፣ በትልልቅ የኦክ ዛፎች ጥላ የተሸፈነ አነስተኛ መናፈሻ ነው። ሰዎች በበዓል ቀን ድንኳን ዘርግተው የሚውሉት፣ የሚጋቡትና የሚሰበሰቡት በእነዚሁ ሥፍራዎች ነው።

ስሞቹ እንግዳን ያደናግራሉ። የኦግልቶርፕ ሐውልት ያለው በቺፔዋ አደባባይ ነው፤ በነጻነቱ ጦርነት ለአሜሪካ ተዋግቶ የሞተው የፖላንዱ መኮንን የፑላስኪ ሐውልትም በፑላስኪ አደባባይ ሳይሆን በሞንቴሬይ አደባባይ ቆሟል።

በመጀመሪያ ባርነት የተከለከለ ነበር የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ነገር ግን ሙሉውን መስማት ያስፈልጋል። የቅኝ ግዛቷ ባለአደራዎች በ1735 ባርነትን የሚከለክል ሕግ አወጡ። ምክንያታቸው ሰብአዊነት ብቻ አልነበረም፤ በባርነት የተያዙ ሰዎች ወደ ስፔን ፍሎሪዳ ሊያመልጡ ወይም ሊያምፁ ይችላሉ ብለው ሠግተዋል፤ ድሃ ነጮችም በራሳቸው ጉልበት እንዲሠሩ ፈልገዋል። የሚያስደንቀው ግን ይህች ባርነትን የከለከለች ከተማ ስትቆረቆር ደኑን በመመንጠሩና እንጨቱን በመሰንጠቁ ሥራ ከሳውዝ ካሮላይና በውሰት የመጡ ባሮችም መሰማራታቸው ነው። ከስኮትላንድ የመጡት የዴሪየን ሰፋሪዎች በ1739 ባርነት እንዳይፈቀድ በጽሑፍ አቤት ቢሉም የባለ ሀብቶቹ ግፊት በመጨረሻ አሸንፎ እገዳው ከ1751 መጀመሪያ ጀምሮ ተነሣ። ከዚያ በኋላ የሩዝና የጥጥ እርሻው፣ ወደቡም ሆነ ዛሬ ቱሪስት የሚያደንቃቸው ቤቶች የተሠሩት በባርነት በተያዙ ሰዎች ጉልበት ነው።

በዚያው ዘመን ካቶሊኮችም ወደ ቅኝ ግዛቷ እንዳይገቡ ተከልክለው ነበር። በጁላይ 1733 ሳይጠሩ በመርከብ የደረሱትን አርባ ያህል አይሁዶች ግን ኦግልቶርፕ ተቀብሏቸዋል። በወቅቱ ሰፋሪዎቹን ወረርሽኝ እየፈጃቸው ስለነበር ከመጤዎቹ መካከል የነበረው ሐኪም ሳሙኤል ኑኔዝ ብዙዎችን አክሟል። የእነዚህ ሰዎች ጉባኤ ሚክቬ እስራኤል ዛሬም አለ፤ ይዘውት የመጡት የኦሪት ጥቅልል እስከ አሁን የተጠበቀ ሲሆን ምኩራቡም ከሩቅ ሲያዩት ቤተ ክርስቲያን የሚመስል ጎቲክ ሕንፃ ነው።

በሳቫና "የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን" ነበረ ሲባል ምን ማለት ነው?

ይህን ጥያቄ በብዛት የሚያነሡት የአገራችን ሰዎች ናቸው። በፍራንክሊን አደባባይ የሚገኘው የመጀመሪያው አፍሪካዊ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ምሥረታውን ከ1773 ይቆጥራል። መሥራቹ ጆርጅ ላይል በባርነት የተወለደ ሰባኪ ሲሆን በወንዙ ዳር ባሉት እርሻዎች እየተዘዋወረ ያስተምር ነበር፤ በ1782 እንግሊዞች ከተማዋን ለቀው ሲወጡ እሱም ወደ ጃማይካ ሄደ። ከመሄዱ በፊት ካጠመቃቸው ሰዎች አንዱ አንድሩ ብራያን ነበር። ብራያን ከወንድሙ ከሳምሶን ጋር በመስበኩ ምክንያት ተገርፏል፣ ታስሯልም፤ ሆኖም ስብከቱን አላቋረጠም። በጃንዋሪ 1788 አብርሃም ማርሻል የተባለ ነጭ ሰባኪ ብራያንን ሲሾመው በሰጠው የምስክር ወረቀት ላይ ጉባኤው በሳቫና የሚገኝ የኢየሱስ ክርስቶስ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ተብሎ ተጠርቷል።

ይህ ከኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ጋር ግንኙነት ነበረ ማለት አይደለም። በዘመኑ መጽሐፍ ቅዱስን በእንግሊዝኛ የሚያነቡ ሰዎች ጥቁር ሕዝብን ሁሉ በኢትዮጵያ ስም ይጠሩ ነበር፤ "ኢትዮጵያ እጆችዋን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች" የሚለውን የዳዊት ቃልም በባርነት ያሉ ምእመናን ስለ ራሳቸው እንደተነገረ ተስፋ ይዘውት ነበር። ያም ሆኖ አንድ ኢትዮጵያዊ ከዓድዋ ድል 108 ዓመት አስቀድሞ በአሜሪካ ደቡብ በባርነት የተያዙ ሰዎች ጉባኤ በአገሩ ስም መጠራቱን ሲሰማ ነገሩን በቀላሉ አያልፈውም፤ ማለፍም የለበትም።

አሁን ያለው ሕንፃ የተጠናቀቀው በ1859 ነው። የሠሩትም በባርነት የነበሩት ምእመናን ራሳቸው ናቸው፤ ቀኑን ለጌቶቻቸው ሲሠሩ ውለው ማታ ማታ ጡቡን ተሸክመው በመምጣት እንደገነቡት ይተረካል። ወደ ሕንፃው የገባ ሰው ሰገነት ላይ በእጅ የተሠሩትን ጥንታዊ አግዳሚዎች፣ ምድር ቤት ደግሞ በወለሉ ሳንቃ ላይ በአልማዝ ቅርጽ የተደረደሩ ትንንሽ ቀዳዳዎችን ያያል። ቅርጹ ከኮንጎ ሕዝቦች ትእምርት ጋር ይመሳሰላል። በቤተ ክርስቲያኑ በቃል ሲወርድ የመጣው ታሪክ ደግሞ ቀዳዳዎቹ ከወለሉ ሥር ተደብቀው ወደ ነጻነት ለሚያመልጡ ሰዎች መተንፈሻ እንደነበሩ ይናገራል። በ1832 ጉባኤው ለሁለት ሲከፈል በቀድሞው ይዞታ ላይ የቀረው ወገን የመጀመሪያው ብራያን ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ሆኗል፤ የሁለቱ የቀዳሚነት ክርክርም እንግዳ ጣልቃ የሚገባበት ጉዳይ አይደለም።

ከዚሁ ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት በ2007 የተመረቀው ሐውልት በ1779 ከተማዋን ከእንግሊዞች ለማስለቀቅ ከፈረንሳይ ጦር ጋር ተሰልፈው ለተዋጉት ከአምስት መቶ በላይ ለሚሆኑ የሄይቲ ነጻ ጥቁሮችና ክልሶች መታሰቢያ ነው። ከበሮ ይዞ የቆመው ልጅ በኋላ የሄይቲ ንጉሥ የሆነው ሄንሪ ክሪስቶፍ ነው ይባላል።

"የልቅሶ ጊዜ" የሚባለው ምንድን ነው?

ማርች 2 እና 3 ቀን 1859 ከከተማዋ ወጣ ብሎ በሚገኝ የፈረስ መወዳደሪያ ሜዳ ፒርስ በትለር የተባለው ባለ ርስት የቁማርና የንግድ ዕዳውን ለመክፈል ከአራት መቶ በላይ ወንዶችን፣ ሴቶችንና ሕፃናትን በጨረታ ሸጠ። ሽያጩ በአሜሪካ ታሪክ ከታወቁት የሰው ጨረታዎች ሁሉ ከትልልቆቹ የሚመደብ ሲሆን ገቢውም 303,850 ዶላር ነበር። በሁለቱም ቀናት ያለማቋረጥ ዝናብ ስለወረደ የተሸጡት ሰዎችና ልጅ ልጆቻቸው ሰማዩም አብሯቸው እንዳለቀሰ በመቁጠር ቀኑን በዚህ ስም ጠሩት። የመጀመሪያው አፍሪካዊ ባፕቲስት ሕንፃ የተጠናቀቀበትና ይህ ሽያጭ የተፈጸመበት ዓመት አንድ ነው። በቦታው አቅራቢያ የመታሰቢያ ሰሌዳ የተተከለው ገና በ2008 ነው።

ጄኔራል ሸርማን ሳቫናን ለምን አላቃጠላትም?

አስጎብኚዎች ብዙ ጊዜ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የሰሜኑን ጦር እየመራ የመጣው ጄኔራል በውበቷ ተማርኮ ተዋት ይላሉ። ታሪኩ ደስ ቢልም ዋናው ምክንያት ቀለል ያለ ነው። በዲሴምበር 1864 የደቡቡ ጦር በሌሊት ወንዙን ተሻግሮ ሲያፈገፍግ ከንቲባው ከተማዋን ያለ ውጊያ አስረከቡ፤ ወደቧም ለሰሜኑ ጦር ስንቅና መሣሪያ ማስገቢያ ያስፈልግ ነበር። ሸርማን ለፕሬዚዳንት ሊንከን በላከው ቴሌግራም ከተማዋን ከ150 መድፍና ከ25,000 ገደማ የጥጥ እሥር ጋር የገና ስጦታ አድርጎ አበርክቶለታል።

ከዚህ የሚበልጠው ታሪክ የተፈጸመው ግን ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ጃንዋሪ 12 ቀን 1865 ምሽት ሸርማንና የጦር ሚኒስትሩ ስታንተን በማዲሰን አደባባይ ባለው የግሪን መኖሪያ ቤት ውስጥ ሃያ ጥቁር የሃይማኖት መሪዎችን አነጋገሩ። ከመካከላቸው ጥቂት የማይባሉት የሰሜኑ ጦር እስኪገባ ድረስ በባርነት የነበሩ ናቸው። ቃል አቀባያቸው ጋሪሰን ፍሬዚየር የ67 ዓመት ሽማግሌ ሲሆኑ ስምንት ዓመት ቀደም ብሎ የራሳቸውንና የሚስታቸውን ነጻነት በ1,000 ዶላር የገዙ ሰው ነበሩ። ወገኖቻችሁ ራሳቸውን ችለው እንዲኖሩ ምን ያስፈልጋቸዋል ተብለው ሲጠየቁ፣ መሬት አግኝተን በጉልበታችን ማረስ ነው የሚል መልስ ሰጡ። "መሬት ለአራሹ" የሚለውን መፈክር ለሚያስታውስ አንባቢ ይህ መልስ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ከአራት ቀናት በኋላ ሸርማን ያወጣው ልዩ የመስክ ትእዛዝ ቁጥር 15 ከቻርለስተን በስተደቡብ ያሉትን ደሴቶችና እስከ ፍሎሪዳ የሚደርሰውን የጠረፍ መሬት ነጻ ለወጡ ቤተሰቦች ደለደለ፤ የአንድ ቤተሰብ ድርሻም እስከ 40 ኤከር፣ ማለትም 16 ሄክታር ያህል፣ ነበር። ወደ 40,000 የሚጠጉ ሰዎች በመሬቱ ላይ ከሰፈሩ በኋላ ሊንከንን የተኩት ፕሬዚዳንት አንድሩ ጆንሰን በዚያው ዓመት መሬቱ ለቀድሞዎቹ ባለ ርስቶች እንዲመለስ አደረጉ። በአሜሪካ ስለ ባርነት ካሳ በተነሣ ቁጥር የሚጠቀሰው "አርባ ኤከር" ምንጩ ይህ ምሽት ነው። ቤቱ ዛሬ የአጠገቡ የኤጲስቆጶሳውያን ቤተ ክርስቲያን ንብረት ሲሆን ለጎብኚዎች ክፍት ይሆናል። በሳቫና አንድ ቤት ብቻ የመጎብኘት ጊዜ ያለው ሰው ይህን ቢመርጥ ይሻላል።

የቅዱስ ፓትሪክ በዓል በደቡብ ከተማ እንዴት ይህን ያህል ገነነ?

ቅዱስ ፓትሪክን የአገራቸው ጠባቂ አድርገው የሚያከብሩት የአየርላንድ ተወላጆች የሂበርኒያን ማኅበርን በሳቫና ያቋቋሙት በ1812 ነው። መሥራቾቹ በአብዛኛው ፕሮቴስታንቶች ነበሩ። ሕዝብ በይፋ የተጋበዘበት የመጀመሪያው ሰልፍ በ1824 ከተካሄደ በኋላ ቦይ ለመቆፈርና የባቡር ሐዲድ ለመዘርጋት ድሃ የአየርላንድ ካቶሊኮች በብዛት ስለመጡ በዓሉ የሠራተኛው ሰፈር በዓል ሆነ። አየርላንዳውያኑ ከጥቁሮች ጋር በአንድ ወደብ ሥራ እየተሻሙ ኖረዋል። ቢጫ ወባ በ1820፣ በ1854 እና በ1876 ከተማዋን ሲመታም በገፍ ካለቁት ወገኖች መካከል እነርሱ ነበሩ።

ማርች 17 ጠዋት በቅዱስ ዮሐንስ መጥምቅ ካቴድራል ቅዳሴ ተቀድሶ ሲያበቃ ሰልፉ ከረፋዱ 4፡15 በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ይጀመራል፤ ቀኑ እሁድ ላይ ሲውል ግን ወደ ቅዳሜ ይዛወራል። አንድ ዓይነት ኮት የለበሱ የየቤተሰቡ ሽማግሌዎች፣ የትምህርት ቤት የሙዚቃ ጓዶችና ወታደሮች ለሰዓታት ሲያልፉ ከንፈራቸውን ቀይ የተቀቡ ሴቶች ከዳር ወጥተው የሰልፈኞቹን ጉንጭ እየሳሙ ያቀልማሉ፤ ከበዓሉ ቀደም ብሎም በፎርሳይት መናፈሻ ያለው የ1858 ፏፏቴ ውኃው አረንጓዴ ይደረጋል። ቤተሰቦች ገና ጎሕ ሲቀድ መጥተው በአደባባዮቹ ቦታ ይይዛሉ።

ልጆች ይዞ መሄድ ይቻላል ወይ ለሚለው መልሱ ጠዋቱን ይቻላል ነው። በታሪካዊው የከተማ ክፍል እስከ 16 አውንስ በሚይዝ የፕላስቲክ ኩባያ መጠጥ ይዞ በመንገድ መሄድ ስለሚፈቀድ ከቀትር በኋላ በተለይ የወንዙ ዳር ጎዳና የሰከረ ሰው ይበዛበታል። ለኦርቶዶክሳውያን አንድ ነገር ላስታውስ፤ ማርች 17 ምንጊዜም ከዐቢይ ጾም ውጭ ስለማይውል ጾመኛ ምግቡን አስቦ መሄድ ይኖርበታል።

የከተማዋን ታሪክ ለመስማት የሚሻለው የትኛው ወር ነው?

ያለ ጥርጥር ፌብሩዋሪ ነው። በመቋቋሟ በዓል፣ በጆርጂያ ቀን፣ የትምህርት ቤት ልጆች በዘመኑ አልባሳት አጊጠው በአደባባዮቹ መካከል ይሰለፋሉ፤ በዚያው ወር በሚውል አንድ እሁድ በርካታ ሙዚየሞችና ታሪካዊ ቤቶች ያለ ክፍያ ስለሚከፈቱ ብዙ ልጆች ላሉት ቤተሰብ ወጪው በእጅጉ ይቀንሳል። ወሩ የጥቁር ሕዝቦች ታሪክ ወር በመሆኑ የሳቫና የጥቁሮች ቅርስ ፌስቲቫልም በሙዚቃ፣ በዳንስና በትምህርታዊ ውይይት ይከበራል። የመሥራቾቹና በባርነት የገነቧት ሰዎች መታሰቢያ በአንድ ወር መገናኘታቸው የአጋጣሚ ጉዳይ ቢሆንም ሁለቱን አስተያይቶ ማየት ለሚፈልግ ሰው ትልቅ ዕድል ነው።

ሌሎቹን በአጭሩ ለመጥቀስ፣ በጃንዋሪ የማርቲን ሉተር ኪንግ ቀን ሰልፍ አለ። በጸደይ ከ1935 ጀምሮ የሚታወቀው የቤቶችና የአትክልት ሥፍራዎች ጉብኝት፣ የሙዚቃ ፌስቲቫሉና ተማሪዎች በፎርሳይት መናፈሻ የእግረኛ መንገድ ላይ በጠመኔ የሚሥሉበት ቀን ይከተላሉ። በሴፕቴምበር የጃዝ ፌስቲቫሉ፣ በኦክቶበር ግድም ደግሞ የግሪክ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንና የአይሁድ ጉባኤው የየራሳቸው የምግብ በዓል አላቸው።

በሲቪል መብት ትግሉ የሳቫና ድርሻ ምን ነበር?

ማርች 16 ቀን 1960 ጥቁር ተማሪዎች በብራውተን ጎዳና ባሉት የገበያ ማዕከሎች ለነጮች ብቻ በተፈቀዱት የምግብ መደብሮች ገብተው ተቀመጡ፤ ሌቪስ በተባለው መደብር ሦስቱ ታሰሩ። ከዚያ በኋላ የጥቁሩ ሕዝብ ከጎዳናው መደብሮች ላለመግዛት ተማምሎ ከአንድ ዓመት በላይ በአቋሙ ጸና። ንቅናቄውን የመራው ደብልዩ ደብልዩ ሎው የተባለ ፖስተኛ ሲሆን በእንቅስቃሴው ምክንያት ከሥራው ተባርሮ ኋላ ተመልሷል። በ1963 ሆዜያ ዊሊያምስ የሌሊት ሰልፎችን እየመራ ለሳምንታት ታሰረ። ነጋዴዎቹና የከተማዋ ሹማምንት በመጨረሻ ተስማምተው ከኦክቶበር 1963 ጀምሮ የሕዝብ አገልግሎት መስጫዎች ለሁሉም ሲከፈቱ የፌዴራሉ የሲቪል መብቶች ሕግ ገና ዘጠኝ ወር ይቀረው ነበር።

ይህን ታሪክ የሚያሳየው ሙዚየም የተከፈተው በ1996 በቀድሞ የጥቁሮች ባንክ ሕንፃ ውስጥ ነው። ስያሜውን ያገኘው በ1940ዎቹ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ባፕቲስት መጋቢ ከነበሩት ከራልፍ ማርክ ጊልበርት ነው። ተማሪዎቹ የታሰሩበት የሌቪስ ሕንፃ ዛሬ የሳቫና የሥነ ጥበብና ዲዛይን ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ሆኗል።

አሮጌ ቤቶቿ ሳይፈርሱ እንዴት ቀሩ?

በ1954 በኤሊስ አደባባይ የነበረው የድሮው ገበያ ፈርሶ የመኪና ማቆሚያ ፎቅ ተሠራበት። በቀጣዩ ዓመት በ1820 የተሠራው የዴቨንፖርት ቤት ለመኪና ማቆሚያ ሊፈርስ መሆኑን የሰሙ ሰባት ሴቶች ገንዘብ አሰባስበው በ22,500 ዶላር ገዙት፤ ያቋቋሙት የታሪካዊት ሳቫና ፋውንዴሽንም ቤቶችን እየገዛ፣ እንዳይፈርሱ በውል አስገድዶ መልሶ በመሸጥ ብዙዎችን አትርፏል። የኤሊስ አደባባይ ራሱ የመኪና ማቆሚያው ወደ ምድር ውስጥ ገብቶ በ2010 እንደገና ተከፈተ።

ጥበቃው ግን ለሁሉም ሰፈር እኩል አልደረሰም። የጥቁሮች የንግድ ማዕከል በነበረው በዌስት ብሮድ ጎዳና የባቡር ጣቢያው በ1963 ፈርሶ አውራ ጎዳናው ሲያልፍበት ብዙ ነዋሪዎችና ነጋዴዎች ተበትነዋል። ፖስተኛው ሎው ኋላ ላይ የጥቁሮችን ቤቶችና በ1867 የተከፈተውን የቢች ትምህርት ቤት ለማዳን የደከመው ይህን ስላየ ነው።

በቅርቡ ስሙ የተለወጠው አደባባይ የትኛው ነው?

የባርነት ጠበቃ በነበረው በጆን ካልሁን ስም ይጠራ የነበረው አደባባይ ነው። የከተማው ምክር ቤት በ2022 ስሙን ሽሮ በኦገስት 2023 ለሱዚ ኪንግ ቴይለር ሰጥቶታል። ቴይለር በ1848 በባርነት ተወልዳ በሳቫና ተደብቃ ማንበብ የተማረች፣ በእርስ በርስ ጦርነቱ የጥቁር ወታደሮች መምህርና አስታማሚ የነበረች፣ ከጦርነቱም በኋላ ለነጻ ወጡ ልጆች ትምህርት ቤት የከፈተች ሴት ናት። ከከተማዋ አደባባዮች በሴትና በጥቁር አሜሪካዊ ስም የተጠራ ሲኖር ይህ የመጀመሪያው ነው። ለውጡን የደገፉት ነዋሪዎች ካቀረቧቸው ምክንያቶች አንዱ በአካባቢው በባርነት የነበሩ ሰዎች መቀበሪያ መኖሩ ነው። በወንዙ ላይ ያለው ትልቁ ድልድይ ግን የዘር መለያየትን አጥብቆ ሲደግፍ በነበረው ገዥ በዩጂን ታልማጅ ስም መጠራቱን ቀጥሏል።

ጊቺ የሚባሉት እነማን ናቸው? በዓላቸውንና ምግባቸውንስ የት ማየት ይቻላል?

ጉላ ጊቺ የሚባሉት በጠረፉና በደሴቶቹ በሩዝና በጥጥ እርሻ በባርነት የኖሩ የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ሰዎች ዘሮች ሲሆኑ ከሌላው ስለተነጠሉ የራሳቸውን ቋንቋና ባህል ጠብቀው ቆይተዋል። ከመሃል ከተማ ወጣ ብላ የምትገኘው ፒን ፖይንት በ1890ዎቹ ከኦሳባው ደሴትና ከአካባቢው በመጡ ነጻ ወጥ ቤተሰቦች የተመሠረተች መንደር ናት። ከ1926 እስከ 1985 ሴቶቹ የሸርጣን ሥጋ ሲፈለቅቁበት፣ ወንዶቹም ኦይስተር የሚባለውን ባለ ቅርፊት የባሕር እንስሳ ሲያራግፉበት የነበረው ፋብሪካ ዛሬ ሙዚየም ሆኗል። ቀይ ሩዙና የባሚያው ሾርባ ከምዕራብ አፍሪካ ማዕድ ጋር ያላቸው ዝምድና አፍ ላይ ይታወቃል።

መቼ መሄድና በምን መንቀሳቀስ ይሻላል?

ከፌብሩዋሪ እስከ ኤፕሪል አየሩ ተስማሚ ነው፤ ጁላይና ኦገስት ወበቁ ከባድ ሲሆን ከኦገስት እስከ ኦክቶበር የአውሎ ነፋስ ማስጠንቀቂያን መከታተል ያስፈልጋል። ለማርች 17 የሚሄድ ሰው ማረፊያውን ከወራት በፊት ካልያዘ ዋጋው አይቀመስም። ከአትላንታ በአውራ ጎዳና 75 እስከ ሜከን፣ ከዚያም በአውራ ጎዳና 16 እስከ መጨረሻው ይነዳል። ታሪካዊው ክፍል በእግር የሚዳረስ ሆኖ ለደከመው ክፍያ የማይጠየቅባቸው አውቶቡሶች አሉ። ወንዙን የሚያሻግሩት ጀልባዎችም ያለ ክፍያ የሚያገለግሉ ሲሆን የተሰየሙት ከላይ በተጠቀሱት በሜሪ ማስግሮቭና በሱዚ ኪንግ ቴይለር፣ በ1912 የሴት ልጆች ስካውትን በዚሁ ከተማ በመሠረተችው በጁልየት ጎርደን ሎው፣ እንዲሁም ከ1887 እስከ 1931 ለሚያልፈው መርከብ ሁሉ እጇን ስታውለበልብ በኖረችው በፍሎረንስ ማርተስ ስም ነው።